ሱፍ ከመግዛታችሁ በፊት በጓን እዩ

ባህር ዳር ላይ ሱፍ እፈትላለሁ ስል ሰው ይስቃል። አልፈርድበትም። በሚያዝያ ሙቀት ሰው ሁሉ ጣና ዳር ንፋስ ፍለጋ ሲወጣ፣ እኔ ሽምብጥ ካለው ግቢያችን ማንጎው ሥር ተቀምጬ የበግ ፀጉር እፈለቅቃለሁ። "ለመሆኑ በዚህ አገር ባና የሚለብስ ማን ነው?" ትለኛለች የጎረቤቴ ልጅ። ባና አይደለም የምሠራው። ትንንሽ ምንጣፍ፣ የወንበር ልባስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ቆብ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ሱፍ ስል በፆም ፍትፍት የሚሆነውን ማለቴ አይደለም። አንዲት ሴት ደውላ የኪሎውን ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ንጹሕ ነው?" አለች። "ታጥቧል" አልኳት። "ተቆልቷል?" ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

መፍተሉን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ያደገችው ጉና ተራራ ሥር ነው፣ ያለ ባና ሌሊቱ በማይገፋበት አገር። እኔ ግን የወረስኩት እንዝርቱን እንጂ ዓይኗን አይደለም። ሱፍ መምረጥን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ ኪሳራ ነው። ለመፍተል ሱፍ የምትገዙም ሆናችሁ ጥቂት በጎች ያሏችሁ፣ ከኪሳራዬ ተካፈሉ።

የሁሉም መነሻ ይሄ ነው። መጥፎ ሱፍ በእጥበት አይድንም። በእንዝርትም አይድንም። ጥሩነቱም መጥፎነቱም የሚያልቀው ገና በጓ ጀርባ ላይ እያለ ነው።

ዘሩ

ከባህር ዳር ወጥታችሁ ወደ አዴት ወይ ወደ ዳንግላ ብትሄዱ የምታገኙት የዋሸራ በግ ነው። ግዙፍ፣ አብዛኛው ቡናማ፣ ቀንድ የሌለው፣ ለሥጋ የሚደነቅ በግ። ፀጉሩ ግን አጭርና ልጥፍ ያለ ነው። እሱን ልሸልት ብላችሁ መቀስ ይዛችሁ አትድከሙ። "በግ አለኝ፣ ነይና ሱፌን ግዢኝ" ብሎ ያስጠራኝ ስንቱ ነው ቤቱ ስደርስ ዋሸራ ያሳየኝ!

በወረታ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ነገሩ ይለወጣል። የፋርጣ በግ ከላይ ከሚታየው ፀጉር ሥር ሱፍ አለው። የሰሜን ሸዋው መንዝ ደግሞ አካሉ ትንሽ ሆኖ ፀጉሩ ረጅም ነው። ብርዱ ነው እንዲህ ያደረገው። በቆላና በወይና ደጋ ሱፍ ለበግ ሸክም ነው፣ በደጋ ግን ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከመካከለኛው ምሥራቅ ከመጣው ከአዋሲ ጋር የተዳቀለ የመንዝ በግም አለ። አዋሲም ቢሆን ሱፉ የምንጣፍ ሱፍ ነው።

የምንጣፍ ሱፍ ስል ውፍረቱን ነው። የሱፍ ውፍረት በማይክሮን ይለካል፤ 1 ማይክሮን የ1 ሚሊሜትር ሺህኛ ነው። ቀጭኑ የሜሪኖ በግ ሱፍ ከ20 ማይክሮን በታች ይወርዳል። ከ30 በላይ የሆነ ፀጉር ደግሞ ቆዳ ይወጋል፣ ያሳክካል። የእኛ የደጋ በግ ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚያበቅለው፤ ከሥር ለስላሳ፣ ከላይ ረጅምና ሻካራ። ስለዚህ ከፋርጣ ሱፍ ለሕፃን ሹራብ ልሥራ አትበሉ፤ ልጁ ሲያለቅስ ነው የሚውለው። ምንጣፍ ግን ሻካራውን ይወደዋል። ሲረገጥ ተኝቶ አይቀርም፣ ተመልሶ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ሦስተኛው ዓይነት ፀጉር ነው። ሱፉን ገለጥ ስታደርጉ አጭር፣ ደረቅ፣ ኖራ የተቀባ የመሰለ ነጭ ፀጉር ታያላችሁ። ስታጥፉት እንደ ጭድ ይሰበራል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀለሙ አያምርበትም፤ ሱፉን ቀይ አቅልማችሁ እሱ ነጭ መስሎ ይቀራል። ይሄ በዘር የሚወረስ ነው። አውራ በግ ስትመርጡ ትከሻውን አይታችሁ አትርኩ። ጭኑን ግለጡት። ጭኑ ላይ ይህ ደረቅ ፀጉር የበዛበት አውራ ልጆቹንም አይምራቸውም።

በጆሮ የሚፈተን

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

ከሱፉ የእርሳስ ውፍረት ያላት አንዲት ዘለላ ለዩ። ሥሯንና ጫፏን በሁለት እጃችሁ ያዙ። ወደ ጆሯችሁ አስጠጉና ድንገት ሳብ አድርጉ። ጤነኛ ሱፍ እንደ ክራር ክር ጥንግ ይላል። የደከመው ጭርር ይላል፣ እንደሚቀደድ አሮጌ ነጠላ። ደግማችሁ ስትስቡት ለሁለት ይከፈላል።

የዛሬ አራት ዓመት ህዳር ላይ፣ ፋርጣ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤት ሱፍ ልገዛ ሄድኩ። የሸለቱት ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ነጭ፣ ረጅም፣ ዓይን የሚስብ ሱፍ። በልቤ ዋጋውን ጨርሼ ብሩን ልቆጥር ነበር። ብቻ ልማድ ሆኖብኝ አንዲት ዘለላ ሳብኩ። ጭርር አለች። ሁለተኛ ሳብኩ፤ ተበጠሰች። ሌላ ዘለላ ወሰድኩ። እሷም ተበጠሰች፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ መሀሏ። ሦስተኛዋም እንዲሁ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አሁን ህዳር ነው። ባለፈው ህዳር ተሸልታለች። ጫፉ የአምናው ነው፣ ሥሩ የዘንድሮው። መሀሉ ታዲያ የመቼ ነው?

"አባባ፣ ይቺ በግ ግንቦት ላይ ምን ሆና ነበር?" አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። "ማን ነገረሽ እታለም?"

"ሱፉ ነው የነገረኝ።"

ሳቁ። ከዚያ ሚስታቸውን ጠሩና ሁለቱ ተራ በተራ ነገሩኝ። በጓ ግንቦት ላይ መንታ ወልዳለች። የዚያን ሰሞን ድርቆሹ አልቋል፣ ገለባውን በሬዎቹ ጨርሰውታል፣ ዝናቡ ደግሞ ዘግይቷል። ሁለት ግልገል እያጠባች ደረቅ መሬት ስትልስ ከርማለች። እሷ ተርፋለች፣ ግልገሎቹም ተርፈዋል። ፀጉሯ ግን በእነዚያ ሳምንታት ከሲታ ሆኖ ነው የበቀለው። ሰኔ ላይ ሣር ሲመጣ እንደገና ወፈረ። ቀጭኗ ቦታ እዚያው መሀል ላይ ተቀበረች።

እንዲህ ያለ ሱፍ ሲፈተል ይቆራረጣል። ስታበጥሩት ግማሹ ይረግፋል። የአሥር ሳንቲሜትር ሱፍ ገዝታችሁ የአምስት ይዛችሁ ትገባላችሁ። በግማሽ ዋጋ ወሰድኩት፤ ለትራስ መሙያ ሆነ።

ገበያ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ተርባ የከረመች በግ ሱፍ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ለምን? ርሃብ ፀጉሩን ያቀጥነዋላ። ሻጩ "ንኪው እስቲ፣ ሐር ነው" ይላል። ልስላሴው ግን የጉስቁልና ነው። እጃችሁን አትመኑ፣ ጆሯችሁን እመኑ።

መኖው

ፀጉር ፕሮቲን ነው። በጓ መጀመሪያ ነፍሷን ታድናለች፣ ቀጥሎ ፅንሷን፣ ቀጥሎ ወተቷን። ሱፍ ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ መኖ ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ፀጉር አያበቅልም። በእኛ አካባቢ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ አለ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በየቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ከፉሩሽካ ጋር ያገኘች በግ በጆሮዬ ትታወቀኛለች። የጠላ አተላም አይናቅም። የባቄላና የጓያ ገለባ ከጤፍ ጭድ ይሻላል። ሁሉም የማይሆንላችሁ ከሆነ ያለችውን ትንሽ ፋጉሎ ለሁሉም በጎች አትበትኗት። ላረገዙትና ለሚያጠቡት ስጧት።

ለምን ላረገዙት? ይሄን የነገረኝ ባህር ዳር የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ነው፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ለገበሬ ሁሉ እነግራለሁ። በበግ ቆዳ ላይ ፀጉር የሚበቅልባቸው ጉድጓዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ፊተኞቹ ሻካራውን ፀጉር ያበቅላሉ። ኋለኞቹ ለስላሳውን ሱፍ። ኋለኞቹ የሚሠሩት ግልገሉ ገና በማሕፀን እያለ፣ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ነው። የበግ እርግዝና 5 ወር ገደማ ነው። በነዚያ የመጨረሻ ወራት እናቲቱ ከተራበች፣ የግልገሉ ለስላሳ ጉድጓዶች አንሰው ይቀራሉ። ከተወለደ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ነገሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ፋጉሎ ብታፈሱለት ያለውን ፀጉር ታወፍሩለታላችሁ እንጂ አዲስ ጉድጓድ አትቆፍሩለትም። እናቲቱ የተራበችውን ርሃብ ልጇ ዕድሜ ልኩን ይለብሰዋል።

ስለ ማዕድን አንድ ነገር ብቻ። ሱፉ ሞገዱ ጠፍቶ ቀጥ ካለ፣ እንደ ሽቦ ካብረቀረቀ፣ ጥቁሩ በግ ደግሞ ግራጫ እየሆነ ከመጣ፣ የመዳብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ግን በራሳችሁ አትጀምሩት። በግ መዳብ ሲበዛበት ይሞታል። ለዶሮ ወይም ለከብት የተዘጋጀ መኖ ለበግ የማይሰጠውም ለዚህ ነው። ሐኪም ጠይቁ። አሞሌ ጨው ግን ማንም ይስጥ።

ውሃ ዳር ያለው ጣጣ

ሐይቅ ዳር ለምለም ሣር አይጠፋም። የፎገራን ሜዳ ከክረምት በኋላ ያየ ሰው ሁሉም በግ እዚያ ቢሰማራ ብሎ ይመኛል። እኔ አልመኝም። ረግረግ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ታራባለች። ትሉ የገባባት በግ እየበላች ትከሳለች፣ አገጯ ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ሱፏ በቀላሉ እየተነቀለ በእጅ ይቀራል። ውሃው ከሸሸበት ጠርዝ ላይ አታሰማሩ፤ ዳገት ዳገቱን ምረጡ። የትል መድኃኒቱን ወቅት ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተስማሙ።

እከክ ደግሞ አለ። በጓ አጥር ላይ ስትተሻሽ ካያችሁ፣ ወይ ሱፏን በጥርሷ ስትነቅል፣ ነገ ሳትሉ ዛሬ አሳክሙ። እከክ፣ ቅማልና የበግ ቁንጫ ሱፉን ብቻ አይደለም የሚያበላሹት፤ ቆዳውንም ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች የኢትዮጵያን በግ ቆዳ ስም አውቀው ሲያበቁ "እከክ አለበት" እያሉ ዋጋ የሚጥሉት በዚህ ነው። አንዷ ከያዘች ሁሉንም አሳክሙ፣ በረቱንም ጥረጉ።

ለምልክት ብላችሁም በጓን በሬንጅ ወይም በዘይት ቀለም አትቀቧት። በምንም አይለቅም። እኔ ያንን ቦታ በመቀስ ቆርጬ ነው የምጥለው። ጆሮዋ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ወይም አንገቷ ላይ ጨርቅ እሰሩ።

መቼ ይሸለት?

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ያን ቀን ሻይ እየጠጣን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "በህዳር ለምን ይሸልታሉ?" "አባቴም በህዳር ነበር" አሉኝ። መልስ ነው። እኔ ግን ድካሙ መሀል ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ርሃቡን ማስቀረት ካልተቻለ ቦታውን ማዛወር ይቻላል። የደረቁ ወራት ሊያልቁ ሲሉ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ብትሸልቱ፣ ቀጭኗ ክፍል ዘለላው ጫፍ ላይ ትውላለች። ጫፍ ቢበጠስ ትንሽ ነገር ነው። መሀሉ ሙሉ ይሆናል። ደግሞም የህዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በጓን ራቁቷን አያገኛትም። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ለሰው ብቻ ነው እንዴ?

ሽማግሌው ሞኝ አይደሉም። "እሺ፣ በመጪው ግንቦት ብሸልት የስድስት ወር ሱፍ ነው የማገኘው። ግማሽ ሱፍ! ማን ይከፍለኛል?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የዚያን ዓመት አጭሩን ሱፍ በኪሎ በሙሉ ዋጋ ገዛኋቸው። ቅር ያለው ኪሴን ነው እንጂ እኔን አይደለም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ግንቦት ላይ ደጋ ውስጥ ቀዝቃዛ ዝናብ ድንገት ሊመጣ ይችላል። የተሸለተች በግ ለሁለት ሦስት ሳምንት ማታ ማታ መጠለያ ውስጥ ትደር። መውለጃዋ የደረሰች ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ ተዋት። ማገላበጡ ለእሷም ለፅንሷም አይበጅም።

ለፋሲካ የሚሸጥ ሙክት ያላችሁ ሰዎች፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሸልቱት ብዬ አልመክርም። የተሸለተ በግ ገበያ ላይ ከሲታ ይመስላል። አንዱን መክሬ ጠብ ገብቼ አውቃለሁ።

ሲሸለት

ሱፉ ደረቅ ይሁን። ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ አትጀምሩ። እርጥብ ሱፍ ታፍኖ ሲቀመጥ ቢጫ ይሆናል፣ ያ ቢጫ ደግሞ አይታጠብም። ባህር ዳር ክረምት ላይ ይሄ በጣም ያሰጋል።

መሬቱን ጥረጉ፣ ንጹሕ ሸራ ወይም አሮጌ የጥጥ አንሶላ አንጥፉ። መቀሱ የተሳለ ይሁን። ቆዳዋን በሌላ እጃችሁ ወጠር አድርጉና ከሥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቁረጡ። ሳትደርሱበት ከፍ ብላችሁ ከቆረጣችሁ እንደዚያው ይቅር። አስተካክላለሁ ብላችሁ ደግማችሁ ስትከረክሙ የምታወጧት ግማሽ ጣት የማትሞላ ብጥስጣሽ ናት። እሷ ክሩ ውስጥ ገብታ ጉጥ ጉጥ ታደርገዋለች።

አሁን ደግሞ የኔን ጥፋት ስሙ። መጀመሪያ አካባቢ ሱፌን በማዳበሪያ ከረጢት ነበር የማጓጉዘው። ሁሉም ሰው እህሉን በሱ አይደል የሚጭነው? ከረጢቱ አርጅቶ አፉ ላይ የተተለተለው ነጭ ፕላስቲክ ሱፉ ውስጥ ገባ። ነጭ በነጭ ስለሆነ አላየሁትም። አጠብኩ፣ ነደፍኩ፣ ፈተልኩ፣ ደማቅ ቀይ አቀለምኩ፣ ምንጣፍ ሠራሁ። ቀዩ ምንጣፍ ላይ ፕላስቲኩ እንደ ሽበት ብቅ ብቅ ብሎ ወጣ። ፕላስቲክ የሱፍ ቀለም አይቀበልማ። ያዘዘችኝ ሴት አይታው ከንፈሯን መጠጠችና "ያምራል፣ ግን አልወስደውም" አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በወረንጦ ለቀምኩት፣ አላለቀም። አሁን ሱፍ የምይዘው በአቡጀዲ ከረጢት ብቻ ነው። ጆንያም ክሩ ስለሚረግፍ አልወደውም። በጓ የምትታሰርበትንም የናይለን ገመድ ከመሸለታችሁ በፊት ፍቱላት።

መለየት

ከአንድ በግ የሚወጣ ሱፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ምርጡ ትከሻውና ጎኑ ነው። ጀርባው ደህና ነው፣ ግን ጫፉን ፀሐይና ዝናብ ያደክሙታል። ወደ ጭን ስትሄዱ ይሻክራል። የአንገቱ ሣርና ጭጎጎት ይበዛበታል። የሆዱ አጭርና የተጣበቀ ነው፤ ላቱ አካባቢ ያለው ደግሞ ሽንትና አዛባ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እዚያው በረት ውስጥ ለዩና አውጡ። ሁሉን ደባልቆ "ኪሎ እንዲያነሳ" የሚሸጥ ሰው አለ፤ እኔ እንዲህ ያለውን በሆዱ ዋጋ ነው የምገዛው።

የግልገል የመጀመሪያ ሽልት ከሁሉም ይለሰልሳል። ቆብ ለመሥራት እሱን ነው የምፈልገው። የሙክት ሱፍ ደግሞ ብዙና ጠንካራ ነው። አያረግዝ፣ አያጠባ፣ ምን ያሳሳዋል?

ማጠብ

ጣና ውስጥ አትጠቡ። ቅባቱና አዛባው ሌላው ሰው የሚቀዳው ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። ደግሞም ቀዝቃዛ ውሃ ቅባት አይለቅም። የበግ ቅባት የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱን ነቅሎ ለማውጣት ውሃው 60 ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ቴርሞሜትር የለኝም። መላው እንዲህ ነው። ባህር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። አንድ ጆግ የፈላ ለአንድ ጆግ የቧንቧ ውሃ ስትቀላቅሉ ከ60 ብዙም አይርቅም። እጅ አያስገባም፣ ሱፉን ግን አያቃጥለውም።

መጀመሪያ ሱፉን ያለ ሳሙና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። አቧራውና የላብ ጨው ይወጣል። ያ እጣቢ ለማንጎው ነው፤ ፖታሽየም ስላለው ዛፉ ይወደዋል። በማግሥቱ ሙቁን ውሃ አዘጋጁ፣ ላርጎ ጨምሩ፣ ሱፉን ከላይ አስቀምጡና በእንጨት ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። አትሹት። አታማስሉት። ለ20 ደቂቃ ተዉት። ውሃው ቀዝቅዞ ቅባቱ ተመልሶ ሳይለጠፍበት አውጡት። አንዴ ድገሙ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ያለ ሳሙና፣ በዚያው ሙቀት ባለው ውሃ አለቅልቁት።

እናቴ በእንዶድ ነበር የምታጥበው፣ ያም ይሠራል። የዱቄት ሳሙና ግን ተዉ። ለጥጥ የተሠራ ነው፣ ሱፉን ያደርቀዋል፣ አንዳንዱም የፀጉሩን ፕሮቲን ይበላል።

የመጀመሪያ እጥበቴን አልነግራችሁም ነበር፣ ግን ይጠቅማችኋል። የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት፣ እንደ ነጠላ አሸሁት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኩት። ሱፍ ሲታሽና ሙቅና ቀዝቃዛ ሲፈራረቅበት ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። አንድ ደንዳና ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ወጣ። በመቀስ ቆርጬ የጀበና ማቶት አደረግኩት። እስከ ዛሬ አለ። ማቶቱ ግሩም ነው።

ሲደርቅ ጥላ ውስጥ፣ ወንፊት በመሰለ ነገር ላይ በትኑት። ከ1 ኪሎ ጥሬ ሱፍ 600 ግራም ንጹሕ ካገኘሁ ደስ ይለኛል። ስትገዙ ይሄን ቀንሳችሁ አስቡ።

የፍየልም ይጠይቁኛል። ሞሄር የሚባለው የአንጎራ ፍየል ፀጉር ነው፤ አንጎራ የሚባለው ደግሞ የጥንቸል። ካሽሚር ከፍየል የውስጥ ፀጉር ተበጥሮ የሚወጣ ነው። እንስሳው ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ ዘሩ፣ መኖው፣ ጤናው፣ ንጽሕናው። ገበያ ላይ "ሱፍ ነው" ተብሎ ክር ከተሰጣችሁ ደግሞ አንዲት ብጣሽ በክብሪት ለኩሱ። ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ከፕላስቲክ የተሠራው የፋብሪካ ክር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

የታጠበውን በደንብ ሲደርቅ አቡጀዲ ውስጥ አስገቡና አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ብል የሚሮጠው ቅባትና ቆሻሻ ወዳለበት ነው። በየወሩ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ፀሐይ አሳዩት። ከረጢቱ ውስጥ አንዲት ወረቀት ክተቱ፤ የማን በግ እንደሆነች፣ የየትኛው አካሏ ሱፍ እንደሆነ፣ መቼ እንደተሸለተች ጻፉ። ሁለት ሦስት ዓመት ስትሰበስቡ ከየትኛው ቤት መግዛት እንዳለባችሁ ወረቀቱ ይነግራችኋል። አሁን ከጎኔ ባለው ከረጢት ውስጥ ያለችው ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ "የፋርጣው አባባ። መንታ የወለደችው። ትከሻና ጎን። ግንቦት 4። ሦስት ዘለላ ሳብኩ፣ ጫፉ ብቻ ተበጠሰ።"